ከምድጃው በላይ የተሰቀለው ዛላ

አንዲት ሴት ነበረች። ቆላ አገር፣ ማሽላ አብቃይ መንደር የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት ሴት። አዝመራ በደረሰ ቁጥር ከማሳዋ ምርጥ ምርጡን ዛላ ትለይና ከምድጃው በላይ፣ ጭስ በሚያገኘው ቦታ ትሰቅለዋለች። ጭስ የጠጣውን ማሽላ ነቀዝ አይደፍረውም። ያ ለዘር ነው፤ ቢርባትም አትነካውም።

ጦርነት መጣ። አገሬው ሲሸሽ ያለውን ዱቄትና ቆሎ ተሸከመ። እርሷ ዛላውን ፈልፍላ፣ በአቁማዳ አድርጋ አዘለች። ጎረቤቷ አራጌ አያትና ሰው ፊት፣

«እትዬ የሺመቤት፣ ጥይት መሃል ልትዘሪው ነው? ይልቅ ቀቅይውና እንብላ!» አላት።

መንገደኛው ሁሉ ሳቀ። ሳቁን ታውቁታላችሁ፤ ከእናንተም መሃል እንዲህ የሳቀ አይጠፋም። የሳቃችሁት ረስታችሁት ይሆናል። እርሷ ግን አልረሳችም።

ተመለሱ። ጎተራው ባዶ ነው። እርዳታ መጣ፤ ከባሕር ማዶ የመጣ ስንዴ። ተመስገን ነው፣ ነፍስ አተረፈ። ሴቲቱ ማሽላዋን ዘርታ አጨደች፤ ምርጡን መልሳ ሰቀለች። አራጌ ግን ዘሩን ስደት ላይ በልቶታልና ከእርዳታው ስንዴ ቀንሶ ዘራ። በዚያ ሙቀት! ቅጠሉ ለመለመ፤ ፍሬ ሳይዝ ደረቀ። ሰውየው ተመልሶ የእርዳታ ሰልፍ ላይ ቆመ።

በሁለተኛው ክረምት መግቢያ ደጇ መጣ።

«እትዬ፣ ዘር ፈልጌ ነበር።»

«ቀቅለህ ልትበላው?»

አንገቱን ደፋ። «ልጆቹ ካዩት አይተርፍም። አልዋሽሽም።»

ባዶ እጁን ልትመልሰው ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። እውነቱን መናገሩ ያዛት። ከጎተራዋ የሚበላ ማሽላ ሰፍራ ሰጠችው። «ይህን ልጆችህ ይብሉ። ነገ በሬህን ጥመድ። ዘሩን ግን እጅህ ላይ አላኖረውም።»

በማግስቱ ዘሩን በነጠላዋ ቋጥራ ሄደች። ራሷ በተነችው፤ አፈር እስኪለብስም ከማሳው አልተነቃነቀችም።

«ስታጭድ ምርጡን ዛላ ስቀል» አለችው። «ለእኔ አይደለም። ደጅህ ለሚቆም ሰው ነው። ስትሰጠውም እንዳትስቅበት!»

ይቅር ያለችው እንዳይመስላችሁ። ሰላምታዋ እንደቀዘቀዘ ቀረ። ማሽላው ግን በቀለ።

እናንተስ? ለተራበ ዳቦ ትሰጣላችሁ፤ መልካም። ያው ሰው በዓመቱ ያው ሰልፍ ላይ ሲቆም ግን «ምን ዓይነት ሰነፍ ነው!» አላላችሁም? ዘር ሰጥታችሁት ይሆን? ወይስ ዘሩን ሰጥታችሁ የዚያን ዕለት እራቱን ረሳችሁ? የተራበ ሰው ዘር ቢቀቅል ምን ይገርማል?

እንግዲህ ቤታችሁ ስትገቡ ቀና በሉና ከምድጃችሁ በላይ እዩ። የተሰቀለ ነገር አለ? ቢኖርስ፣ ያ የሳቀባችሁ ሰው ደጃችሁ ሲቆም ታወርዱለታላችሁ?