አውታሩን የበላው ጅብ

አንድ ጊዜ፣ አያ ጅቦ ሠርግ ተጠራ።

አትሳቁ፤ እውነቴን ነው። አያ ጅቦ ዕድሜውን ሙሉ ሠርግ የሚያውቀው ከአጥር ውጭ ሆኖ ነው። ድግስ ባለበት ሁሉ ማንም ሳይጠራው ይደርሳል፤ አጥሩን ተደግፎ ይቆማል፤ አጥንት ከተወረወረለት ይቆረጥማል፤ ካልተወረወረለት ምራቁን ውጦ ይመለሳል። ስለዚህ ንጉሥ አንበሳ ልጃቸውን ሊድሩ ሽር ጉድ ሲሉ፣ መልእክተኛዋ እመት ጦጢት መጥታ ከዋሻው ደጃፍ ላይ ስሙን ስትጠራው፣ አያ ጅቦ የተከሰሰ መሰለው።

«እኔ አይደለሁም! ትናንት እዚያ ሰፈር ድርሽ አላልኩም!» አለ።

«ምን ሆነሃል አያ ጅቦ? ሠርግ ተጠርተሃል ነው የምልህ።»

«ከአጥር ውጭ ነው ከአጥር ውስጥ?»

«ከአጥር ውስጥ። መቀመጫም አለህ፤ ከቀበሮ ቀጥሎ።»

አያ ጅቦ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስለ ሥጋው ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሥጋውማ አለ፤ ግን «መቀመጫ አለህ» ብሎት የሚያውቅ አልነበረም።

«ታዲያ ደንብ አለው» አለች ጦጢት። «ገበታ የሚቀርብ ሁሉ አስቀድሞ በመሣሪያ አንድ ዜማ ይጫወታል። መጫወት ያቃተው ይወጣል፤ ድርሻውም ከአጠገቡ ለተቀመጠው ያልፋል።»

«እኔ እዘፍናለሁ!»

«በመሣሪያ አያ ጅቦ፣ በመሣሪያ!» ጦጢት ሁለት ጆሮዋን ያዘች። አያ ጅቦ ባለፈው ክረምት አንድ ጊዜ ቢዘፍን የፍየሎች መንደር በሙሉ አገር ለቅቆ ሄዶ ነበር። «ሦስት ሳምንት አለህ፤ እስከዚያ ተማር» ብላው ወደ ዛፏ ዘለለች።

አያ ጅቦ በማግስቱ ወደ እትዬ ጃርት ገሠገሠ። እትዬ ጃርት ከወንዙ ማዶ፣ ከትልቁ ዋንዛ ሥር ተቀምጣ ክራር፣ ማሲንቆና በገና የምትሠራ ባለሙያ ናት። ሲደርስ እመት አህያ ቀድማው ቆማለች። እሷም ተጠርታለች፤ እሷም መሣሪያ ነክታ አታውቅም። ሰው «ጅብን ሲወጉ ባህያ ይጠጉ» ይላል፤ አህያ ግን ጅብ ስታይ የምትጠጋው ጃርትን ነው። እመት አህያም ፈጠን ብላ ከጃርት ጀርባ ዞረች።

«አትፍሪኝ እመት አህያ፤ ዛሬ የመጣሁት ለጥበብ ነው» አላት አያ ጅቦ።

«ጥበቡን እዚያው ሆነህ ተቀበል» አለችው አህያ።

እትዬ ጃርት ሳቋን ዋጥ አድርጋ አንዲት ትንሽ ክራር አነሣችና ለአህያ ሰጠቻት። «መጀመሪያ እቀፊያት። ደረትሽ ላይ ካልተመቸችሽ ድምፅዋ ቢያምርም አትሆንሽም።»

አህያ አቀፈቻት። ተመቸቻት።

«አምስት አውታር ነው ያላት፤ ለጀማሪ ከበቂ በላይ ነው» አለች ጃርት፤ ከጀርባዋም አንድ እሾህ ነቀለች። «በዚህ ግረፊያት። አዲስ አውታር ይላላል፤ ጠዋት ጠዋት አጥብቂው። መጀመሪያ ስትነኪያት ክፉ ድምፅ ነው የምታወጣው፤ አትደንግጪ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።»

አያ ጅቦ ይህን ሁሉ አልሰማም። አፍንጫው ሥራ ላይ ነበር። ከዋንዛው ግንድ ጋር ተደግፎ የቆመ አንድ ግዙፍ በገና አይቷል። ቁመቱ ከእሱ ይበልጣል፤ ሆዱ በበሬ ቆዳ ተወጥሯል፤ አውታሮቹ ደግሞ ከበግ አንጀት የተፈተሉ ናቸው። ቆጠራቸው። አሥር!

ይህን ጊዜ ቀበሮ ከቁጥቋጦው ብቅ አለ። ቀበሮ ደላላ ነው፤ ሁለት ሰው ቆሞ ከሚነጋገርበት ቦታ አይጠፋም። በሠርጉ ማን ከማን ቀጥሎ እንደሚቀመጥም በደንብ አጣርቶ ነው የመጣው።

«ጌታው፣ እርስዎ እኮ ዓይን አለዎት!» አለና እጅ ነሣ።

አያ ጅቦ ዘወር ብሎ ማንን እንደሚያናግር ፈለገ። እርስዎ ተብሎ አያውቅም።

«እርስዎን ነው እንጂ! እንደ እርስዎ ያለ ትልቅ ሰው አምስት አውታር ታቅፎ ንጉሥ ፊት ሊቀርብ ነው? አሥር አውታር ማለት የአምስት እጥፍ ሙዚቃ ማለት ነው። ያውም መዓዛው!»

«አያ ጅቦ፣ ይሄ አይሆንህም» አለች እትዬ ጃርት ቆጣ ብላ። «በገና የጸሎት ነው፤ ለሠርግ አይወጣም። በጾም ነው የሚደረደረው።»

«ጾም ምንድን ነው?» አለ አያ ጅቦ።

«አለመብላት» አለችው ጃርት።

«ወድጄ?»

ጃርት ተስፋ ቆረጠች። አያ ጅቦ ለክፉ ቀን የደበቃቸውን ሁለት የደረቁ ቁርበቶች አምጥቶ ሰጣትና በገናውን ተሸክሞ፣ እየተንገዳገደ ሄደ። እመት አህያ ደግሞ ለክራሯ ለአንድ ወር የዋንዛ እንጨት ልታመላልስ ተስማማች።

አሁን አያ ጅቦ ዋሻው ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በገናውን ሲደረድር እዩት። የመጀመሪያውን አውታር ነካ። በገናው እዝዝዝ ብሎ አጉረመረመ፤ የዋሻው ግድግዳ አብሮት አጉረመረመ። አያ ጅቦ ደስ አለው፤ ጣቱንም ላሰ። ጣቱ በግ በግ አለው።

በበገና አውታሮች ሥር ያን የእዝዝታ ድምፅ የሚሰጡ ትናንሽ የቆዳ ቁራጮች ይሰካሉ። እነሱን በመጀመሪያው ቀን በላቸው። «ይሄ ለመቅመስ ነው፤ አይቆጠርም» አለ። በገናው እዝዝ ማለቱን ተወ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ከአውታሮቹ ቀጭኑን አየው፣ አየውና፣ «አሥር ናቸው። ዘጠኝ ቢሆኑ ማን ይቆጥራል?» አለ።

ቀበሮ ሊጠይቀው መጣ። ዘጠኙን አውታር አየና ምንም እንዳላየ ሆነ።

«ጌታው፣ ምሥጢር ልንገርዎት። በገና ደርዳሪዎች አሥሩንም አውታር አይነኩም። ግማሾቹ ለጣት ማሳረፊያ ናቸው።»

ይሄ እንኳ ውሸት አልነበረም። ቀበሮ ሲያታልል እውነት ይበልጥ ይመቸዋል። አያ ጅቦ ግን ጣት የማሳረፍ ፍላጎት አልነበረውም፤ በዚያው ሳምንት አራት ማሳረፊያ በላ። አምስት ቀሩት።

በሁለተኛው ሳምንት አንዱ «ከሌሎቹ ጋር አልስማማም አለ» ተብሎ ተበላ። ሌላው ላላ። አያ ጅቦ የሚያጠብቅበትን መንገድ አያውቅም፤ የሚበላበትን መንገድ ግን ያውቃል። ሦስት ቀሩት።

ከሜዳው ማዶ በየቀኑ የእመት አህያ ክራር ይሰማል። መጀመሪያ መጀመሪያ አያ ጅቦ መሬት ላይ እየተንከባለለ ይስቅ ነበር፤ የአህያ ክራር ምጣድ ሲፈቀፈቅ ይመስል ነበርና። አህያ ግን አልተወችም። ጠዋት ታጠብቃለች፣ ከሰዓት ትገርፋለች፤ ያችኑ አንዲት የሠርግ ዜማ፣ ያችኑ፣ ያችኑ። አንድ ቀን አያ ጅቦ ሊስቅ ተዘጋጅቶ ጆሮውን ቢያቆም፣ ሳቁ አልመጣ አለው። ዜማዋ አምራ ነበር። ዓይኑን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው ሰማት።

ከዚያም ሦስት አውታር የቀረውን በገናውን ሳብ አደረገና እየዳበሰ ፈለጋት። አንዷን አገኘ። ሁለተኛዋን አገኘ። ሦስተኛዋን ስቶ፣ ደግሞ ስቶ፣ ደግሞ አገኛት። የዜማዋ የመጀመሪያ ስንኝ፣ ከእሱ ጥፍር ሥር፣ ወጣች!

አያ ጅቦ ብድግ አለ። በዋሻው ዙሪያ ሦስት ጊዜ ሮጠ። «ተጫወትኩ! እኔ! በእጄ!» እያለ ጮኸ። ተመልሶ ደግሞ ደረደራት፤ ደግሞ ወጣች። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ደስታ ደርሶበት አያውቅም። በዚያች ቀን ሌላ ነገር ባያደርግ፣ ተረታችን በሌላ መንገድ በሄደ ነበር።

ግን ጅብ ጅብ ነው። «እንዲህ ያለ ነገር ሳይደገስለት አያልፍም» አለ፤ በደስታውም አንዷን አውታር በላ።

በማግስቱ ያቺን ስንኝ ቢፈልጋት መሐል ላይ ቀዳዳ ሆነችበት። ሁለት ነካና ሦስተኛዋን አጣ። ተናደደ፤ ሲናደድ ደግሞ ይርበዋል። «ማሲንቆ በአንድ ጅማት አይደል አገር የሚያስጨፍረው?» አለና አንዷን በልቶ አንዷን አተረፈ።

የሠርጉ ቀን ደረሰ። የአንበሳ ግቢ ጢም ብሎ ሞላ። አያ ጅቦ ታጥቦ፣ ጠጉሩን አበጥሮ፣ በገናውን ተሸክሞ በበሩ ገባ። በበሩ! አጥሩን ከውስጥ በኩል ሲያየው ቁመቱ አጭር መሰለው።

ቀበሮ ተነሥቶ አንድ ሁለት ጊዜ ዋሽንት ነፋና ተቀመጠ፤ ዕድሜውን ሙሉ ጉራ ሲነፋ የኖረ ዋሽንት አያቅተውም። ቀጥሎ እመት አህያ ክራሯን አቀፈች። ያቺ አንዲት ዜማ ወጣች። አንበሳ በጅራታቸው ምት መቱ፣ ዝንጀሮዎች እስክስታ ወረዱ፣ ሙሽራይቱ እልል አለች። ንጉሡ «ድገሚልን!» አሉ። አህያ ሌላ ስለማታውቅ ያችኑ ደገመች፤ ማንም ቅር አላለውም።

አያ ጅቦ ግን ከጓዳ በሚመጣው የጥብስ ሽታ ራሱን እየሳተ ነበር። ቀበሮ ወደ ጆሮው ጠጋ አለ። «ጌታው፣ ተራዎ እስኪደርስ ባዶ ሆድ መጥፎ ነው። ጣት ያንቀጠቅጣል።»

«ምን ልብላ ታዲያ? ገበታው ገና ነው።»

ቀበሮ በገናውን ብቻ አየ።

«አያ ጅቦ!» አሉ አንበሳ። «ና፣ አሰማን።»

አያ ጅቦ መሐል ላይ ተቀመጠ። ግቢው ጸጥ አለ። ጥፍሩን አነሣና በአየር ላይ ደረደረ። አንገቱን ዘመም አድርጎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ልክ እንደ ባለሙያ። ድምፅ የለም።

«ዜማው የታለ?» አሉ አንበሳ።

እመት ጦጢት ከግቢው ዛፍ ላይ አጎንብሳ አየች። «ጌታዬ፣ አውታር እኮ የለውም!»

በዚያ ጸጥታ ውስጥ የአያ ጅቦ ሆድ እዝዝዝዝ ብሎ አጉረመረመ። ልክ እንደ በገና።

«አሃ፣» አሉ አንበሳ ጆሯቸውን አቅንተው፣ «እዚያ ገብቷል ለካ!»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። አንበሳም ሳቁ፤ ግን ደንብ ደንብ ነው። ያልተጫወተ ይወጣል። አያ ጅቦ ባዶውን በገና ተሸክሞ፣ አንገቱን ደፍቶ በገባበት በር ወጣ፤ ከአጥሩ ውጭ በቀድሞ ቦታው ቆመ። ቀበሮ የሁለት ሰው ድርሻ በልቶ ሆዱን እያሻሸ ተደገፈ። ምን ይደረግ፣ ሁሉም ተረት ቀበሮን አይቀጣም።

ዘግየት ብሎ ከውስጥ «እመት አህያ፣ አንዴ!» የሚል ድምፅ ተሰማ፤ ያቺም ዜማ እንደገና ወጣች። አያ ጅቦ ጥፍሩ ሳያስበው የአጥሩን እንጨት ነካ። አንዷን፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን። ቦታዋን አልረሳትም። እንጨቱ ግን ቋ፣ ቋ፣ ቋ ከማለት በቀር ምንም አላለም። ከአጥሩ በላይ አንድ ትልቅ አጥንት ተወርውሮ እግሩ ሥር ወደቀ፤ አያ ጅቦ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ አጥንት ወድቆለት ወዲያው አላነሣም። ዜማው እስኪያልቅ ጠበቀ።

ከዚያ በላው።

ከዚህ የምንማረው፣ ለመማር የተነሣ ሁሉ መሣሪያውን በሆዱ ልክ ሳይሆን በእቅፉ ልክ መምረጥ እንዳለበት፣ ያገኛትን የመጀመሪያዋን ስንኝ ደግሞ ቶሎ በድግስ መጨረስ እንደሌለበት ነው።