ፊት አዋቂው ዳኛና የድመቷ ጭራ

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» በሉኝ እንጂ አታዛጉብኝ። የዛሬው የአንድ ቂል ዳኛ ተረት ነው፤ ቂል ሲሰደብ መስማት ደግሞ ደስ ይላል።

ድሮ ድሮ እንግዳሸት የሚባል ዳኛ ነበረ። ሆዱ ትልቅ፣ ጥምጣሙ ትልቅ፣ አፉ ከሁለቱም የሚበልጥ። «እኔ ምስክር አልጠራም፤ የሰውን ልብ ከፊቱ ላይ አየዋለሁ» ይል ነበር። አገሩም ስለሚፈራው «እውነት ነው ጌታዬ» ይለዋል። ምን ያድርግ!

አንድ ዓመት የዳኛውን ጎተራ አይጥ ፈጀው። ደብሪቱ የምትባል ሸክላ ሠሪ መበለት ነበረች፤ አዝናለት አንዲት ግራጫ ድመት ሰጠችው። ስትሰጠውም «ጌታዬ፣ ሲዳስሷት ጭራዋን እያዩ ይሁን» አለችው። ዳኛው ሳቀባት።

ድመቷ አይጡን ጨረሰች። ዳኛውም ወደዳትና ጭኑ ላይ አስቀምጦ ይዳስሳት ጀመር። ሲዳስሳት፣ ሲዳስሳት፣ ጭራዋን ግራና ቀኝ ታማታለች። «አያችሁ? እንደ ውሻዬ ጭራዋን ትቆላልኛለች!» ይልና አብልጦ ይዳስሳታል። እሷም ንክስ ታደርገዋለች።

ዳኛው እንዳትነክሰው ብሎ ደብተራ አስጠራ። ደብተራው ክታብ ጽፎ አንገቷ ላይ አሰረላት። ዳኛው ዳሰሳት፤ ጭራዋን አማታች፤ ነከሰችው።

ጉልበተኛ አሽከሩን ጠራ። አሽከሩ በአርጩሜ ገረፋት። በማግስቱ ዳኛው ዳሰሳት፤ ጭራዋን አማታች፤ አሁንማ መንከሱም አልበቃት ብሎ አፍንጫውን ቧጨረችው። የተገረፈች ድመት ትፈራለች እንጂ መቼ ትለዝባለች!

ያን ጊዜ ዳኛው «አሃ፣ ገባኝ» አለ። ልጆቼ፣ እንዲህ ያለ ሰው «ገባኝ» ሲል ሽሹ። «ደብሪቱ ‹ጭራዋን ይዩ› ያለችኝ እንደምትነክሰኝ አስቀድማ ስላወቀች ነው። ይህን የሚያውቅ ቡዳ ብቻ ነው። ነገ ሸንጎ ፊት ትቁም! ቤቷ ይቃጠላል፤ እሷም ከአገር ትባረራለች!»

ደብሪቱ ከዚያች ጎጆዋ በቀር ምንም አልነበራትም። በማግስቱ መጣች። ሕዝቡ ዋርካ ሥር ተሰብስቧል፤ ዳኛውም ድመቷን ጭኑ ላይ አስቀምጧል።

«የምትይው አለሽ?» አላት ዳኛው።

«አለኝ ጌታዬ። እዚሁ በሕዝቡ ፊት ድመቷን ይዳስሷት። እናንተም ወገኖቼ፣ ዓይናችሁን ከጭራዋ ላይ አትንቀሉ።»

ዳኛው አንዴ ዳሰሳት። የጭራዋ ጫፍ ተነቃነቀ። ሁለተኛ ዳሰሳት። ጭራዋን አማታች፤ ጆሮዋም ወደ ኋላ ተኛ። ሕዝቡ ማጉረምረም ጀመረ። ለሦስተኛ ጊዜ እጁን ሲያነሳ ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ሕፃኑ ሳይቀር «ኧረ ጌታዬ ይተዉአት፣ ልትነክስዎ ነው!» ብሎ ጮኸ።

«ዝም በሉ! እኔ አውቃለሁ!» አለና ዳሰሳት። እጁን ዘለዘለችው።

«ጌታዬ» አለች ደብሪቱ፣ «መንከሷን አስቀድሞ የሚያውቅ ቡዳ ከሆነ፣ አገሩ በሙሉ ቡዳ ነው። የማንን ቤት አቃጥለው የማንን ይተዋሉ? ድመቷ ‹በቃኝ› ስትል ሕፃን እንኳ ገብቶታል። ያልገባዎት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

መጀመሪያ አንዲት ሴት ሳቀች። ከዚያ ዋርካው ሥር ያለው ሁሉ ሳቀ። ሰው ከሳቀ በኋላ ደግሞ አይፈራም። አንድ ሽማግሌ ብድግ ብለው «የድመት በቃኝ ያልገባው የሰው እሮሮ እንዴት ይገባዋል? ተነሱ እንሂድ» አሉ። ሁሉም ተነስቶ ሄደ። ደብሪቱም ድመቷን ይዛ ወደ ጎጆዋ ተመለሰች። ሁለቴ ትዳስሳታለች፤ ጭራዋ ሲነቃነቅ እጇን ታነሳለች። ነክሳትም አታውቅም።

ዳኛውስ? ጥምጣሙን ጠምጥሞ፣ እጁን በጨርቅ አስሮ፣ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ባለጉዳይ ሲጠብቅ ኖረ። የሚከስ አልጠፋም፤ ወደ እሱ የሚመጣ ግን ጠፋ። ቁስሉ ላይ ለሚያርፈው ዝንብ ግን «ድመት ከሃዲ ናት» እያለ ይፈርድ ነበር አሉ።

ዳቦዬን ኋላ ታቀርባላችሁ፤ አሁን ይህችን ያዙልኝ፦ ምከረው፣ ምከረው፤ እንቢ ካለህ መከራ ይምከረው።