ሞተር የሌላት አውሮፕላንና የአያ ጅቦ ድግስ

አንድ ጊዜ፣ ክረምቱ አልፎ ሣሩ መድረቅ በጀመረበት ሰሞን፣ በገደሉ ሥር ባለው ሰፊ ሜዳ የሚኖረውን አያ ጅቦን እንቅልፍ የሚነሳው አንድ ነገር ነበር። እሱም ዘወትር ማርፈዱ ነው። አንድ እንስሳ በሞተ ቁጥር መጀመሪያ የሚያዩት ጥንብ አንሳዎች ናቸው። እነሱ ከላይ ሆነው ያያሉ፣ ይወርዳሉ፣ ይበላሉ። አያ ጅቦ ግን አንገቱን ሰማይ ላይ ሰቅሎ የሚዞሩበትን ቦታ ሲፈልግ፣ እያለከለከ ሲሮጥ፣ በስንት መከራ ሲደርስ የሚጠብቀው ቀንድና ሰኮና ብቻ ነው። አንዳንዴማ ጭራሽ ምንም አያገኝም። ያን ጊዜ «እነዚህ መላጦች ቀንዱን ሳይቀር በሉት!» ብሎ ይራገምና ሆዱን ይዞ ይመለሳል።

አንድ ቀን ጠዋት፣ ጉብታው ላይ እመት ጦጢት ቁጭ ብላ አንድ ነገር ስትነካካ አያት። እመት ጦጢት የሜዳው ባለሙያ ናት። ክረምቱን ሙሉ ከዋሻዋ ሳትወጣ ቀርከሃ ስትሰነጥቅ፣ ስስ ላስቲክ ስትወጥር ከርማ ነበር። ተጓዦች ጥለውት ከሄዱት የልጆች መጫወቻ መኪና ሪሞቱንና ባትሪውን ወስዳ፣ ክንፈ ረጅም የሆነች ቀጭን አውሮፕላን ሠርታለች። ዛሬ ለመጀመሪያ ጊዜ ልታበራት ነው፤ ከጭንቀቷ የተነሳ ቁርስ እንኳ አልቀመሰችም።

«እንደምን አደሩ እመት ጦጢት?» አለ አያ ጅቦ፣ አውሮፕላኗን ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ እያሸተተ። «ይህች ደግሞ ምን ዓይነት ወፍ ናት? ላባ የላት፣ ሥጋ የላት።»

«ወፍ አይደለችም አያ ጅቦ፤ አውሮፕላን ናት። እባክዎ አይላሷት።»

«ሞተሯስ የታለ?»

«የላትም።»

«ሞተር ከሌላት በምን ትሄዳለች?»

«በሙቅ አየር ነዋ! ፀሐይ አለቱን ታሞቀዋለች፣ አለቱ ደግሞ አየሩን ያሞቀዋል። የሞቀው አየር ሽቅብ ሲወጣ እሷንም ተሸክሟት ይወጣል። እኔ ከታች ሆኜ በዚህ ሪሞት አዞራታለሁ።»

ከዚህ ሁሉ ማብራሪያ አያ ጅቦ የያዘው ሽቅብ መውጣቷን ብቻ ነው። ሽቅብ የወጣ ያያል፤ ያየ ይበላል። በሪሞቱ የታዘዘችውን የምትፈጽም ጥንብ አንሳ፣ ደግሞም አፍ የሌላት! ምራቁን ዋጠ።

«ለመሆኑ ላይ ወጥታ ምንድን ነው የምትፈልገው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ነገርኩዎ እኮ፤ ሙቅ አየር።»

«አየር! አየር ማን ይበላል?» አለና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ይህቺ ጦጣ ሥጋውን ለብቻዋ ልታደርገው አስባለች ብሎ ደመደመ። ጦጣ ሥጋ እንደማትበላ ትዝ አላለውም።

እመት ጦጢት ግን ሌላ ችግር ነበረባት። ሁለቱ እጆቿ ሪሞቱ ላይ ስለሚሆኑ አውሮፕላኗን የሚወረውርላት ጉልበተኛ ያስፈልጋታል። አያ ጅቦ ይህን ሲሰማ በኋላ እግሩ ቆሞ ደረቱን ነፋ።

«ጉልበት ከሆነ የፈለጉት እኔ አለሁልዎ! በምላሹ ግን እሷ ያገኘችውን ሁሉ እኔ እወስዳለሁ።»

እመት ጦጢት ፈገግ አለች። «ያገኘችው ሁሉ የእርስዎ ይሁን» አለች።

አያ ጅቦ አውሮፕላኗን አነሳና ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ሰማይ ወረወራት። «ወደ ፊት! ወደ ፊት እንጂ ወደ ላይ አይደለም!» ብላ ጮኸች እመት ጦጢት፤ ግን ረፍዶ ነበር። አውሮፕላኗ አፍንጫዋን ሽቅብ ቀሰረች፣ ለአፍታ ቆም አለች፣ ከዚያ በጅራቷ ወርዳ የግራር ዛፍ ላይ ተሰካች። እመት ጦጢት እያለቀሰች ግራሩ ላይ ወጣች፣ እሾሁ እየወጋት አወረደቻት፣ የተቀደደውን ክንፍ በፕላስተር ለጠፈች። ከዚያም በአውሮፕላኗ አፍንጫ ውስጥ ትንሽ ጠጠር ጨመረች።

«ጥፋቱ የእርስዎ ብቻ አይደለም» አለችው። «አፍንጫዋ ቀልሎ ነበር።»

«ብቻ?» አለ አያ ጅቦ ቅር ብሎት።

ለሁለተኛው ጊዜ ወደ ፊት ወረወራት። አሁን አውሮፕላኗ ድምፅ ሳታሰማ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። ከከርከሮዎች ጭንቅላት በላይ አለፈች፣ በሪሞቱ ትእዛዝ ቀስ ብላ ዞረች፣ ተመልሳም ደረቁ ሣር ላይ በሆዷ ተንሸራትታ አረፈች።

«አየሃት? አየሃት አንተ?» አለች እመት ጦጢት ክብር መስጠቱን ሁሉ ረስታ፣ እየዘለለች። የክረምት ልፋቷ በዓይኗ ፊት ሲበር ስታይ እንባዋ መጣ። ደስታዋ ልክ አልነበረውም።

«ምን አገኘች?» አለ አያ ጅቦ።

«ምንም።»

«ታዲያ ምን ያስዘልልሻል?»

«አየሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። ፀሐይ ከፍ ትበልና አለቱ ይሙቅ፤ ያን ጊዜ ያያሉ።»

መጠበቅ የጅብ ሙያ አይደለም። አያ ጅቦ ጥላ ሥር ተጋድሞ ሆዱ ሲያጉረመርም ሲሰማ፣ ወይዘሮ ቀበሮ በአጠገቡ ብቅ አለች። ቀበሮ መቼም የራበው ጅብ ያለበትን ቦታ ታውቃለች።

«ምነው ጌታዬ፣ ከስተዋል» አለችው።

«ተይኝ እስቲ። ቤት አንዲት የፍየል ታፋ አለችኝ፤ ከጉድጓዳችን ደጅ ቁጥቋጦው ሥር ቀብሬያታለሁ። ሚስቴ ‹ለልጆቹ ራት ናት፣ እንዳትነካት› ብላ አስጠንቅቃኛለች። ሦስቱም ልጆች ከትናንት ጀምሮ እሷን እያሰቡ ነው የሚያድሩት።»

«አይ፣ የልጅ ነገር» አለች ወይዘሮ ቀበሮ በሐዘኔታ፣ ጆሮዋን ግን አቁማ። «ቁጥቋጦው የትኛው ነው ያሉኝ?»

ይህን ጊዜ እመት ጦጢት ተጣራች። ፀሐይ አናት ላይ ደርሳለች። ከሜዳው ማዶ ያለው ጥቁር ጠፍጣፋ አለት እንደ ምጣድ ግሏል። አያ ጅቦ አውሮፕላኗን ወደዚያው አቅጣጫ ወረወራት። አለቱ ላይ ስትደርስ አንደኛው ክንፏ ከሥር የሆነ ነገር እንደ ገፋው ብድግ አለ። እመት ጦጢት አውሮፕላኗን ክንፏ ወደ ተነሳበት በኩል አዞረቻት። ዞረች፣ ደገመች፣ በዞረች ቁጥርም ከፍ አለች። ብዙም ሳይቆይ ከገደሉ አፋፍ ጥንብ አንሳዎች አንድ በአንድ እየተነሱ መጡና አብረዋት መዞር ጀመሩ። ክንፋቸውን ሳያርገበግቡ ሁሉም በአንድነት ሽቅብ ወጡ።

አያ ጅቦ ወደ ላይ አየ። ጥንብ አንሳዎች ይዞራሉ። ወደ ታች አየ። አለቱ ላይ የሜዳው ንጉሥ አንበሳ በጀርባው ተዘርግቷል፤ አራት እግሩ ሽቅብ፣ አፉ ክፍት፣ አፍንጫው ላይ ዝንብ። ሌሊቱን ጎሽ በልቶ አድሮ የጠገበ አንበሳ ፀሐይ ሲሞቅ እንዲህ ነው የሚተኛው። አያ ጅቦ ግን የጥንብ አንሳዎቹን ምስክርነት ይዟልና ሌላ ነገር አልታየውም።

«ሞቷል!» አለ እየተንቀጠቀጠ። «አንበሳው ሞቷል! እመት ጦጢት፣ አገኘችልኝ!»

«ዝም በሉኝ!» አለች እመት ጦጢት ከሰማዩ ላይ ዓይኗን ሳትነቅል። «ዓይኔን ካነሳሁ ትጠፋብኛለች።»

አያ ጅቦ ይህን እንደ ማረጋገጫ ወሰደው። የወይዘሮ ቀበሮ ዓይን ደግሞ ስለታም ነው፤ የአንበሳው ሆድ ከፍ ዝቅ ሲል አጥርታ አይታለች። ግን የጠየቃት የለም፤ እሷም ሳይጠይቋት የምትመልስ ሴት አይደለችም።

«ታድለዋል ጌታዬ!» አለችው። «ጥንብ አንሳዎቹ ገና ሰማይ ላይ ናቸው። ዛሬ እርስዎ ይቀድሟቸዋል። ያቺ ታፋ ግን አሳዘነችኝ።»

«የቷ ታፋ?»

«የፍየሏ። ሙሉ አንበሳ እያለ እሷን ማን ይነካታል? በከንቱ ትበላሻለች እኮ።»

አያ ጅቦ ሳቀ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግነት ተሰማው፤ ስሜቱንም ወደደው። «ውሰጃት!» አለ እየሮጠ። «ከበሩ በስተግራ ያለው ቁጥቋጦ ነው! ለልጆቼ የአንበሳ ጉበት ነው የማበላቸው!» ወይዘሮ ቀበሮ እስኪጨርስ አልጠበቀችም።

አያ ጅቦ አለቱ ላይ ሲወጣ ድርሻውን በልቡ አከፋፍሎ ጨርሷል። ጉበቱ ለልጆቹ፣ አንድ ጎድን ለሚስቱ፣ ጅራቱ ለጥንብ አንሳዎቹ፣ የቀረው ሁሉ ለራሱ። በቀስታ ቀረበ፣ የአንበሳውን የኋላ እግር አሸተተ። «ገና ትኩስ ነው!» ብሎ አምላኩን አመሰገነና ጥርሱን ተከለበት።

አንበሳው አንድ ዓይኑን ገለጠ።

«ጅቦ» አለ።

«እምም?» አለ አያ ጅቦ፤ አፉ ሙሉ ነበርና።

«ምን እያደረግህ ነው?»

አያ ጅቦ ጥርሱን አንድ በአንድ ነቀለ። «ንጉሥ ሆይ፣ ዐርፈዋል ሲባል ሰምቼ… ለልቅሶ መጥቼ ነው። እግርዎን ልሳለም ብዬ።»

«በጥርስ ነው እንዴ የምትሳለመው?»

«ሐዘኑ ጸንቶብኝ ነው ጌታዬ።»

አንበሳው ሲያገሳ ሜዳው ተንቀጠቀጠ። መዳፉን አንዴ ሲሰነዝር አያ ጅቦ ከአለቱ ላይ ተንከባልሎ ወረደ፣ ከጅራቱ ፀጉርም ግማሹ እዚያው ቀረ። ማዶ ጉብታው ላይ እመት ጦጢት ማግሳቱን ብትሰማም ዓይኗ ከሰማዩ አልወረደም። አውሮፕላኗን በዝግታ እያዞረች አወረደቻትና እግሯ ሥር አሳረፈቻት፤ ከዚያ አቅፋት ወደ ዋሻዋ ሮጠች።

አያ ጅቦ እያነከሰ ቤቱ ሲደርስ ቁጥቋጦው ሥር ያለው አፈር ተቆፍሯል። ሦስቱ ልጆቹ ጉድጓዱን ከበው ባዶውን ቦታ ያሸታሉ።

«አባዬ፣ ሽታዋ አለ፤ እሷ ግን የለችም» አለ ትንሹ።

አያ ጅቦን ከአንበሳው መዳፍ ይልቅ ይህ ንግግር አመመው። ሚስቱ ከደጃፉ ቆማ ቁስሉንም ጉድጓዱንም ተራ በተራ አየች። እሱ ግን የሚወቅሰው ሲያጣ ቀና አለና፣ ደረቅ ዛፍ ላይ ያረፈ አንድ አሮጌ ጥንብ አንሳ አየ።

«ሁሉም በእናንተ ጦስ ነው!» ብሎ ጮኸበት። «ሥጋ ከሌለ አለቱ ላይ ምን ያዞራችኋል?»

«ሙቀቱ ነዋ» አለ ጥንብ አንሳው ሳይቆጣ። «አለቱ ሲሞቅ አየሩ ራሱ ያወጣናል፤ ክንፋችንን አናደክምም። ዛሬ ደግሞ ላባ ከሌላት ከዚያች የጦጢት አውሮፕላን ጋር ስንጫወት ዋልን።»

«ሥጋ ስታዩስ?»

«ሥጋ ስናይማ እንወርዳለን እንጂ ሽቅብ እንወጣለን እንዴ? እስቲ አንተው ፍረድ፤ ሥጋውን እያየ ጥሎት የሚሄድ ማን አለ?»

የአያ ጅቦ ሚስት ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ባሏ አዞረች። ሦስቱ ልጆችም አዩት። አያ ጅቦ ራሱን ደፍቶ ወደ መኖሪያ ጉድጓዱ ገባ፤ የዚያን ዕለት ሁሉም ጾማቸውን አደሩ።

ከዚህ የምንማረው፣ ሆዳችን የተመኘውን ዓይናችን ያየው እየመሰለን፣ ነገሩን የሚያውቀውን ሳናዳምጥ ከሮጥን፣ ያላገኘነውን ተስፋ አድርገን በእጃችን ያለውን የልጆቻችንን ጉርሻ ለብልጦች እንደምናስረክብ ነው።