ያልተለቀሰለት ሰውና የቦቴው ውሃ

ግባ፣ ግባ፣ በር ላይ አትቁም፤ ወሬውን ገና መጀመሬ ነው፣ የውሃ ቦቴው ጋ ነኝ። ቧንቧውን በሁለት እጄ ጨብጬ እታገላለሁ፣ ሾፌሩ ጋሽ ብርቁ ደግሞ እጄን ይመነጭቃል። ምን ፈልጌ መሰለህ? አንድ ጣሳ ውሃ። ለራሴም አይደለም። እህቴ እቴነሽ ከወለደች ሁለተኛ ቀኗ ነው። ድንኳን ውስጥ ተኝታለች። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል፣ ጡቷ ደርቋል። ሕፃኑ ጠዋት ያለቅስ ነበር፣ አሁን ዝም ብሏል። ያስሮጠኝ ዝምታው ነው።

ቦታው የጎርፍ ተፈናቃዮች ጣቢያ ነው። አዎ፣ ውሃ ያፈናቀላቸው ሰዎች ውሃ ጠማቸው። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፣ እኔ ያን ቀን አልሳቅኩም። ከተማ ወርጄ እንዳልቀዳ የከተማው ቧንቧ በጎርፉ ተሰብሮ ጭቃ ነው የሚተፋው። ያለው አንድ ቦቴ ነው። ጢም ብሎ ሞልቶ አጥሩ ሥር ቆሟል። ጆሮህን ስታስጠጋ ነፋስ ሳይኖር፣ የነካው ሳይኖር፣ ውሃው ውስጥ ለውስጥ ሲንቀሳቀስ ይሰማሃል።

«ጋሽ ብርቁ፣ በናትህ፣ አንድ ጣሳ!»

«አንተ ባለ ባጃጅ፣ እጅህን ሰብስብ! ማህተም ያረፈበት ወረቀት ካልመጣ ይሄ ቧንቧ አይከፈትም። ከእኔ በፊት የነበረው ሾፌር አዝኖ ከፈተ። ዛሬ ቤቱ ቁጭ ብሎ ያዝናል።»

ቦቴው አይከፈት፣ እህቴ አትጠጣ።

ወደ ማህተሙ ሮጥኩ። ማህተም ያዧ ወይዘሮ ንጋቷ ትባላለች። ማህተሙን በክር አስራ አንገቷ ላይ እንደ ክታብ አንጠልጥላዋለች።

«ወይዘሮ ንጋቷ፣ አንዴ ብቻ ጠቅ አርጊልኝ።»

«ማህተም አለኝ፣ ቀለም አለኝ፣ ጉልበትም አላነሰኝ። ያልተዘጋ ሊስት ላይ ግን አላሳርፍም። አዘግተህ አምጣ፣ የኔ ወንድም።»

ሊስቱ አይዘጋ፣ ማህተሙ አያርፍ፣ ቦቴው አይከፈት፣ እህቴ አትጠጣ።

ሊስቱ ያለው ቆጣሪው ሙሔ ጋ ነው። ሙሔ የሰፈሬ ልጅ ነው። እሱ አስራ ሁለተኛን ጨረሰ፣ እኔ ሰባተኛ ክፍል ላይ በመስኮት ወጣሁ። ሜዳው ላይ ሰዉን አስር አስር አድርጎ በረድፍ ያስቀምጣል፣ የተቆጠረውን ሰው ትንሿን ጣቱን ወይን ጠጅ ቀለም ያስነክረዋል። አናት የሚበሳ የቀትር ፀሐይ። የሙሔ እጅ እስከ አንጓው ወይን ጠጅ ሆኗል።

«አራተኛ ዙሬ ነው» አለኝ። «ሊስቱ ላይ አራት መቶ አስራ ሁለት፣ መሬት ላይ አራት መቶ አስራ ሦስት። መመሪያው ደግሞ የተጻፈውና የተቀመጠው ካልገጠመ አትዝጋ ይላል።»

«ጨምርና ጻፈዋ! እስክሪብቶ አለቀብህ?»

«ጻፍኩት። ሦስቴ ጻፍኩት። ተመልሼ ሳይ መስመሩ ባዶ ነው።»

«ዝለለዋ ታዲያ!»

«ስዘለው ድምሩ ውስጥ አገኘዋለሁ» አለና በአገጩ አሳየኝ። በእጁ ለመጠቆም ፈርቷል። «ያ መጨረሻ ረድፍ ላይ ያለው። ቀለሙም አይዘውም።»

ቆጠራው አይገጥም፣ ሊስቱ አይዘጋ፣ ማህተሙ አያርፍ፣ ቦቴው አይከፈት፣ እህቴ አትጠጣ።

ሄድኩለት። እኔ ነኝ የምፈራ? ፈራሁ እንጂ! ቡናማ የሱፍ ሹራብ ለብሷል፣ በዚያ ሙቀት። ላብ የለውም። ከጎኑ ያሉት ሰዎች ሳያውቁት ፈንጠር ብለው ተቀምጠዋል፤ ዝንቡ ሁሉ እነሱ ላይ ነው፣ እሱ ጋ አንድም የለ። ፊት ለፊቱ ቁጢጥ አልኩ።

«ጌታው፣ እባክህ ተነስና ሂድ። እህቴ አራስ ናት።»

ዞሮ አየኝ። ድምፁ ከባዶ በርሜል ሥር የሚወጣ ይመስላል። «መሄዱንማ እኔም ፈልጌ ነበር። ሳይለቀስ እንዴት ይኬዳል?»

ትከሻውን ያዝ አደረግኩት። ሹራቡ ውርጭ ያደረበት ልብስ ነው። እጄን መንጭቄ ሸሸሁ። ጣቴ እስከ ማታ አልሞቀም፣ አልዋሽህም።

ሰውዬው አይነሳ፣ ቆጠራው አይገጥም፣ ሊስቱ አይዘጋ፣ ማህተሙ አያርፍ፣ ቦቴው አይከፈት፣ እህቴ አትጠጣ።

አልቃሾቹ በሸራ ጥላ ሥር ናቸው። ጎርፉ ለወሰዳቸው ሁሉ ሙሾ ያወረዱት እነሱ ናቸው። አውራቸው እትዬ ዘነቡ ዓይናቸውን ጨፍነው ተጋድመዋል።

«እትዬ፣ ለዚያ ባለ ሹራብ አልቅሱለትና ይሂድልን።»

«አየነው እኮ ልጄ፤ ከመጣ ሦስት ቀኑ። እርሙ ያልወጣ ሰው ነው። ሞቱን የሰማ ዘመድ ውጦት ቀርቷል።»

«እና አልቅሱለታ!»

«ስሙን ሳናውቅ ማን ብለን እንጥራው? ደግሞስ በምን እንባ? ያለንን ለጎርፉ ጨረስነው። ውሃ አምጣና እናልቅስልህ።»

አየህልኝ? ዞሮ ዞሮ ውሃ! ውሃ ከሌለ እንባ የለ። አልቃሾቹ አያለቅሱ፣ ሰውዬው አይነሳ፣ ቆጠራው አይገጥም፣ ሊስቱ አይዘጋ፣ ማህተሙ አያርፍ፣ ቦቴው አይከፈት፣ እህቴ አትጠጣ። ወደ ድንኳኑ ብቅ ብዬ አየሁ። እቴነሽ ሕፃኑን አቅፋ ጣሪያውን ታያለች። ጣሳው ከራስጌዋ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። «አመጣህ?» እንኳን አላለችኝም።

እትዬ ዘነቡ ከኋላዬ ጠሩኝ። «ገመዱን የቋጠረው ይፍታው! መመሪያውን የጻፈው ማነው?»

የጻፈችውን አውቃታለሁ። የዓለም አቀፉ ድርጅት የሰብዓዊ ጉዳዮች ፖሊሲ ኦፊሰር ናት፣ ወይዘሪት ሐረገወይን። ከሦስት ቀን በፊት ከመናኸሪያ ያመጣኋት እኔ ነኝ። ብቻዋን ነበረች፤ ባጃጄ ግን ዳገቱን ሁለት ሰው እንደጫነች አቃስታ ነበር የወጣችው።

ቢሮዋ ቆርቆሮ ኮንቴነር ነው። ጠረጴዛዋ ላይ የውሃ ጠርሙስ አለ፣ ባዶ። መመሪያዋ ራሷንም አስሯታል። እየጻፈች ነው።

«ወይዘሪት፣ መመሪያዎን ያንሱልኝ። አንድ ሰው በዝቶ እህቴ ልትሞት ነው።»

ቀና አላለችም። «ሁሌም አንድ ሰው ይበዛል። ሁለት ዓመት ሙሉ በሄድኩበት አገር፣ በገባሁበት ካምፕ፣ ቆጠራው በአንድ ይበልጣል። የሚያጭበረብር አለ ማለት ነው። መመሪያውን የጻፍኩት ለዚያ ነው።»

«ይሄ እንኳ አያጭበረብርም። ቡናማ ሹራብ ለብሶ ቁጭ ብሏል።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «በዚህ ሙቀት?»

«በዚህ ሙቀት። ክርኑ ላይ በአረንጓዴ ክር ተሰፍቷል።»

እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ቀና አለች።

«እኔ ነኝ የሰፋሁት» አለች። «ሌላ ክር አጥቼ።»

«ታዲያ ምንዎ ነው?» አልኳት።

«ወንድሜ ነው። ተድላ። በሰው አገር፣ በብርድ ነው የሞተው። የተደወለው ለእኔ ብቻ ነበር፣ እናቴም እስካሁን አልሰማችም፤ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ስልኩን ዘጋሁና ተመልሼ ገብቼ ንግግሬን አደረግኩ። ከዚያ ሪፖርት ነበረብኝ። ከሪፖርቱ በኋላ ሌላ አገር፣ ሌላ ካምፕ። ይሄኛው ይለቅና፣ ይሄኛው ይለቅና እያልኩ…» ተነሳች። «ውሃቸውን የዘጋሁት በእሱ ነው?»

በሩን ከፈትኩላት።

በፀሐዩ ሜዳውን አቋርጣ ሄደች። አራት መቶ ሰው ያያታል። መጨረሻው ረድፍ ጋ ስትደርስ ተንበረከከች። «ተድላዬ! ተድላ ወንድም ዓለም!» አለችና ሁለት ዓመት የዋጠችው ነገር ከሆዷ ወጣ። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰው አልሰማሁም። ሸራው ሥር እትዬ ዘነቡ ብድግ አሉ። ስም ተገኘ! እንባ ባይኖራቸውም ደረት ነበራቸው። እየደቁ መጡ፦

«የሰው አገር ብርዱ ሹራብ ይበሳል ወይ፣
ወንድም ሲከተላት እህት አታይም ወይ!»

ሲነሳ አላየሁትም። ዓይኔን ሳልነቅል ነበር፣ ግን አላየሁትም። የተቀመጠበት አቧራ ላይ የማንም ምልክት የለም። ሙሔ አምስተኛ ዙሩን ቆጠረ፤ ሲጨርስ ደብተሩን አቅፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። «አራት መቶ አስራ ሁለት።»

ከዚያማ ማን ይያዘው! እህትየዋ አለቀሰች፣ አልቃሾቹ ተቀበሏት፣ ሰውዬው ተነሳ፣ ቆጠራው ገጠመ፣ ሊስቱ ተዘጋ፣ ማህተሙ አረፈ፣ ቦቴው ተከፈተ፣ እህቴ ጠጣች። አንድ ጣሳ። ሁለት። ሦስተኛውን ግማሹን ደረቷ ላይ ደፋችው። ጥቂት ቆይቶ ሕፃኑ ጮኸ፣ ድንኳኑን እስኪቀደው! ጋሽ ብርቁ ቧንቧውን እንደያዘ ፊቱን ወደ አጥሩ አዞረ።

ሙሔ ወደ ወይዘሪት ሐረገወይን ጠጋ አለ። «ነገስ ባይገጥም?»

«መጀመሪያ ይጠጡ» አለችው በጎረነነ ድምፅ። «ከዚያ ቁጠራቸው።» መመሪያውንም ተቀብላ፣ ቆማ፣ በእጇ አስተካክላ ፈረመችበት።

ከዚያ ቦርሳዋን ይዛ ባጃጄ ውስጥ ገባች። «መናኸሪያ» አለችኝ። እኔ ደግሞ የለመደብኝ ነው፣ ሞተሩን አስጮህኩት። ከኋላ እጇን ትከሻዬ ላይ አሳረፈች።

«ቀስ ብለህ ንዳ፣ ወንድሜ። እናቴ፣ እኔ እስክደርስ ድረስ፣ ወንድ ልጅ አላት።»