አንጓችና ቅጠሉ የረገፈው ዋንዛ

ጠጋ ጠጋ በሉ ልጆቼ። በድሮ ዘመን፣ ደኑ ገና ሳይሳሳ፣ አንጓች የምትባል አስተዋይ ሴት ነበረች። ባይለየኝ የሚባል ብልጣብልጥ ወንድምም ነበራት።

አባታቸው አባ ደምለው ሲሞቱ እንዲህ ብለው ተናዘዙ፦ «ጓሮዬ ካሉት ሦስት ዛፎች አንዱን አንጓች ትምረጥ። የቀረው የባይለየኝ ነው።»

ዛፎቹ ቆርች፣ ብሳናና ዋንዛ ነበሩ። አንጓች ባሏ ሞቶባት፣ የቤቷም በር ወልቆ ጅብ እየገባ በጎቿን ይጨርስባት ነበርና ለመዝጊያ የሚሆን ዋንዛ ፈለገች። ባይለየኝም ዓይኑን የጣለው ዋንዛው ላይ ነበር።

በመስከረም መጣች። «አሁን አረም ላይ ነኝ» አላት።

በኅዳር መጣች። «አሁን አጨዳ ላይ ነኝ» አላት።

በጥር መጣች። «አሁን ውቂያ ላይ ነኝ» አላት።

መጋቢት ላይ ግን ራሱ ላከባት፤ «ነይና ምረጪ!» ለካስ ቅጠሉ ረግፎ እስኪያልቅና ሁሉም እርቃኑን እስኪቀር ነበር የሚጠብቀው!

ሽማግሌዎች ተሰበሰቡ። አንጓች የመጀመሪያውን ግንድ ዳሰሰች፤ እሾህ ወጋት። «ይሄ ቆርች ነው» አለች።

የሁለተኛውን ቀንበጥ ሰበረች፤ ጠብ ያለውንም ፈሳሽ አሸተተችው። «ይሄ ብሳና ነው። ልጅ ሳለሁ አባዬ ለቋቁቻዬ ይቀባኝ ነበር።»

ከሦስተኛው ሥር ቆማ ወደ ላይ አየች። ወፍ የጨረሰው ፍሬ ደረቅ ቆቡ ብቻ ከቅርንጫፉ ጫፍ ላይ ቀርቷል። አባቷ ትከሻቸው ላይ አስቀምጠዋት፣ ቢጫውን የዋንዛ ፍሬ ስትመጥ፣ የተጣበቀ ጣቷን በፀጉራቸው ስትጠርግ፣ እሳቸውም ሲስቁ ታያት።

«እኔ ይሄንን መርጫለሁ» አለች፣ እንባዋን ጠርጋ።

ባይለየኝ ደነገጠ። «እህት ዓለም፣ ተሳስተሻል! እሱ ብሳና ነው፤ ዋንዛው ያ ሁለተኛው ነው። አዝኜልሽ ነው፣ ያንን ውሰጂ።»

«እንግዲያው ዋንዛውን ላንተ ትቼልሃለሁ ወንድሜ። ለኔ ብሳናው ይበቃኛል» አለችው።

ሽማግሌዎቹ ተያይተው ሳቁ። «ባይለየኝ፣ ያንን ዋንዛ ነው ያልከው አንተው ነህ» አሉ ትልቁ። «እንግዲህ የቤትህን መዝጊያ ከሱ ትሠራለህ።»

እንዳሉትም ሠራ። ዓመት ሳይሞላው ብሳናውን ነቀዝ በልቶት እንደ ዱቄት ፈሰሰ። የአንጓች መዝጊያ ግን የልጅ ልጆቿን አሳደገ።

አያችሁ ልጆቼ፣ ዛፍን በቅጠሉ ብቻ የሚያውቅ በበጋ ይደናገራል፤ ከሚያውቅ ሰው ጋር ግንዱን እየዳሰሰ ያደገ ግን አይታለልም። ዛሬ ዳሳሹም ዛፉም አነሰ። ተረቴን ተቀበሉኝ፤ እናንተም ለልጆቻችሁ አሻግሩት።