ሐጂ ስራጅ ያልፈቱት ጆንያ

የሻርክ ክንፍ በመለየት የታወቁ አንድ አዛውንት በአንድ የወደብ ከተማ ይኖሩ ነበር። ስማቸው ሐጂ ስራጅ ይባላል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ በዚያ ወደብ የሚወጣ የደረቀ ክንፍ ሁሉ በእጃቸው አልፏል። ዳብሰው "የተፈቀደ ነው" ካሉ ጆንያው ይታተምና መርከብ ላይ ይጫናል። "ራሰ መዶሻ ነው" ካሉ ይወረሳል፤ ይህ የሻርክ ዓይነት ከባሕሩ እየጠፋ ስለሆነ ማጥመዱ በሕግ ተከልክሏል። ቆዳው ተገፎ የደረቀ ክንፍ ለሌላ ሰው ሁሉም አንድ ነው። ሐጂ ግን በጣታቸው ይለዩታል።

አንድ ልማድ ነበራቸው፤ የዘመድ ጆንያ አይፈቱም። በዚያ ወደብ የዘመድን ጭነት ፈትቶ ማየት ሌባ ብሎ ከመስደብ አይለይም። ስለዚህ የሚስታቸው ወንድም ኑርሁሴን ጭነት ሲያመጣ ከላይ መታ መታ አድርገው ያትሙለታል።

በኋላ ኢክራም የምትባል የቤተ ሙከራ ባለሙያ ወደ ወደቡ ተላከች። ከክንፍ ላይ ጥፍር የምታህል ቁራጭ ወስዳ፣ በዘረመሉ የየትኛው እንስሳ እንደሆነ ትለያለች። ሐጂ ይህን ሲሰሙ የሠላሳ ዓመት ስማቸው የተነካ መሰላቸው።

"ልጄ፣ ሻርክ በዓይንሽ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አሏት በሰው ፊት።

"በሥዕል ነው፣ ሐጂ።"

ጫኞቹ ሳቁ።

"በይ እንግዲያው ሃያ ቁራጭ እኔው ቆርጬ እሰጥሻለሁ። ከየት እንደቆረጥኩ ግን አልነግርሽም።"

"ደስ ይለኛል። ቁጥር ብቻ ይስጧቸው።"

ሐጂ ከነጋዴዎቹ ጆንያ ሁሉ እየዳበሱ ቆረጡ። የኑርሁሴን ተራ ሲደርስ በስፌቱ ቀዳዳ እጃቸውን ሰደው፣ ሳይዳብሱ፣ ሦስት ቁራጭ አወጡ። ሃያኛው ግን ሻርክ አልነበረም። ከተቀደደ ከበሮ ላይ የፍየል ቆዳ ቆርጠው፣ ፍቀው አቅጥነው ጨመሩት። ልጅቷ ሻርክ ነው ስትል በአደባባይ ሊያሳፍሯት ነው።

በሳምንቱ ኢክራም ውጤቱን ይዛ መጣች። ነጋዴውም ጫኙም ተሰበሰበ።

"አሥራ ስድስቱ የተፈቀዱ ናቸው። አምስተኛው፣ ስድስተኛውና ሰባተኛው ራሰ መዶሻ ናቸው።" ወረቀቱን ደግማ አየች። "ሃያኛው ፍየል ነው።"

ወደቡ በሳቅ ተናጋ። "ፍየልም ዋና ጀመረች እንዴ!" አለ አንዱ ጫኝ።

"የወጣው ይኸው ነው" አለች ኢክራም።

ሐጂ አልሳቁም። አምስት፣ ስድስትና ሰባት የማን እንደሆኑ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ኑርሁሴን ግን ገብቶታል፤ ተጠግቶ በጆሯቸው አንሾካሾከ።

"ሐጂ፣ ሁሉም ሻርክ ነው ይበሉ። አንድ ቃል ነው። ፍየል ያለችውን ማን ያምናታል? እህቴን ያስቡላት።"

እውነቱን ነው፤ አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ልጅቷ መሳቂያ ሆና ትመለሳለች፤ ጭነቱ ይሄዳል፤ የሐጂም ስም እንደተከበረ ይኖራል። ሐጂ ግን ወደተሰበሰበው ሰው ዞሩ።

"ፍየሉን የጨመርኩት እኔ ነኝ" አሉ። ሳቁ ቆመ። "ላዋርዳት ብዬ ነው። ፍየሉን ካወቀች ሌሎቹንም አውቃለች። ሦስቱ ከኑርሁሴን ጭነት ናቸው። ሳላይ ያተምኩት እኔ ነኝ።"

ጭነቱ ተወረሰ። ማኅተሙም ከሐጂ ተወሰደ። የሚስታቸው ቤተሰብ ሁለት ዒድ ሙሉ ደጃቸውን አልረገጠም። ራሰ መዶሻው ግን ከዚያ ወዲያ በዚያ ወደብ በኩል አልወጣም።

ሐጂ ስራጅ ዕውቀት አልጎደላቸውም። ጥፋታቸው ዕውቀታቸውን ለባዳ ብቻ ማዋላቸው ነው። የኢክራም ምርመራ የበለጣቸው ዘመድ ስለሌለው ነው። እውነት ከሁሉም እኩል ካልተጠየቀ፣ ታማኝነት የምንለው ነገር አድልዎ ሆኖ ይቀራል።

እኛስ፣ አንዲት የሐሰት ቃል ስማችንንም ወዳጃችንንም ልታድን በምትችልበት ሰዓት፣ የተሳሳትነው እኛ ነን ለማለት እንደፍራለን?