ጉንጯን አይታ የማታውቅ ግመል

ተረት ተረት ስላችሁ የግመል በረት በሉኝ።

አንዲት አሮጊት ግመል የውሃ ጉድጓድ ትጠብቅ ነበር። የመጣውን ሁሉ ጉንጩ ላይ የተተኮሰውን የጎሳ ምልክት እያየች፣ የጎሳዋ ካልሆነ ትመልሰዋለች። አንድ ቀን ከባሕር ማዶ የተመለሰች ግመል በውሃ ጥም ደርቃ መጣች። ጉንጯን የመርከብ ገመድ ፍቆት ምልክቱ ጠፍቷል።

«የማን ጎሳ ነሽ?» አለቻት አሮጊቷ።

«እዚያ ማዶ ጎሳ የጠየቀን የለም፤ ሁላችንንም የሶማሌ ግመሎች ነበር የሚሉን። የእርስዎስ ምልክት ምን ይመስላል፣ እናቴ?»

አሮጊቷ ለካ የራሷን ጉንጭ አይታው አታውቅም። ልታይ ጉድጓዱ አጠገብ ወዳለው የውሃ ገንዳ ጎንበስ ስትል እንግዳዋም አብራት ጎነበሰች። ውሃው ላይ ሁለት ፊት ተወዛወዘ፤ የትኛው የራሷ እንደሆነ መለየት አቃታት።

«በይ መጀመሪያ ጠጪ» አለችና ፈቀቅ አለችላት። «ውሃው ሲረጋ እናየዋለን።»

ከዚያ ወዲህ ውሃው ረግቶ አያውቅም፤ ጠጪው በዝቷል።